የአረም «መድኃኒት» እና በዕቃው ላይ ያልተጻፈው

ባለፈው ሰሞን አንድ የዚህ ዓምድ ተከታታይ ስልክ ደወለልኝ። እህቱ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ትኖራለች። ማታ ማታ ቴሌቪዥን ስትከፍት የጠበቆች ማስታወቂያ ይመጣባታል። «የአረም ማጥፊያ ስትረጩ ኖራችሁ ካንሰር ከያዛችሁ ካሳ ሊገባችሁ ይችላል፤ ዛሬውኑ ደውሉልን» የሚል ነው። አንድ ቀን በማስታወቂያው ላይ የሚታየውን ዕቃ ልብ ብላ ስታየው የምታውቀው መሰላት። አባቷ አርሲ ውስጥ ስንዴ አምራች ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ መርጫ በጀርባቸው አዝለው አረም ሲያጠፉ ኖረዋል። ወዲያው ወንድሟ ጋ ደወለች፣ ወንድሟ ደግሞ እኔ ጋ።

ጥያቄው ሁለት ነበር። «አባቴን ያሰጋቸዋል ወይ?» የሚለው አንዱ ነው። ሁለተኛውን እየሳቀ ነው የጠየቀኝ፤ ሳቁ ግን ከልቡ አልነበረም። «ለመሆኑ እኛ ብንታመም ማንን ነው የምንከሰው?»

ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል ልመልሰው አልቻልኩም። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ላንሳው።

ክርክሩ በዓለም ዙሪያ በስፋት የተሰማው ድዌይን ጆንሰን በተባለ ሰው ምክንያት ነው። ጆንሰን ካሊፎርኒያ ውስጥ የትምህርት ቤቶችን ግቢ የሚንከባከብ ሠራተኛ ነበር። ከሥራው አንዱ በግቢው ዙሪያ የሚበቅለውን አረም ሞንሳንቶ የተባለው ኩባንያ በሚያመርታቸው ራውንድአፕ እና ሬንጀር ፕሮ በተሰኙ ፀረ አረሞች መርጨት ነው። የሁለቱም ዋና ንጥረ ነገር ግላይፎሴት ይባላል። በሁለት አጋጣሚዎች ፈሳሹ በላዩ ላይ ፈስሶ ልብሱንና ገላውን አርሶታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቆዳው ላይ ሽፍታ ወጣበት፤ ሲመረመር ኖን ሆጅኪን ሊምፎማ ከሚባለው የካንሰር ቤተሰብ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜው ገና 42 ዓመት ነበር።

ከጉዳዩ ሁሉ እኔን የያዘኝ የገንዘቡ ብዛት አይደለም። ጆንሰን ከታመመ በኋላ ወደ ኩባንያው የስልክ መስመር ደውሎ ነበር። «ይህ የምረጨው ነገር ከሕመሜ ጋር ይያያዝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተመዘገበ፤ መልሶ የደወለለት ግን አልነበረም። ቆይቶ እንደገና ደወለ። እሱ መልስ እየጠበቀ፣ ሥራው ነውና፣ መርጨቱን አላቋረጠም።

ነሐሴ ወር እ.ኤ.አ. 2018 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተቀመጠው ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ ኩባንያው 289 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍለው ወሰኑ። ዜናው ያን ጊዜ በእኛም አገር ተወርቷል። ያልተወራው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዳኛዋ ገንዘቡን ወደ 78 ሚሊዮን ዝቅ አደረጉት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደግሞ በ2020 ወደ 20 ሚሊዮን ተኩል አወረደው። በዚያው በ2018 የጀርመኑ ቤየር ሞንሳንቶን በ63 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ክሱን አብሮ ወርሶ ነበር። በ2020 ከብዙዎቹ ከሳሾች ጋር ለመታረቅ እስከ 10 ነጥብ 9 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታወቀ። ክስ ያቀረቡት ሰዎች ከ100 ሺህ ይበልጣሉ። ቤየር እስከ ዛሬ ምርቱ ካንሰር አያመጣም ይላል፤ ከዚያ ወዲህ በተካሄዱ በርካታ ችሎቶችም አሸንፏል። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት ግቢ ከሚሸጠው ራውንድአፕ ውስጥ ግላይፎሴትን ከ2023 ጀምሮ በሌላ ንጥረ ነገር እንደሚተካ አስታውቋል። የጤና ስጋት ስላለ ሳይሆን ክስ ለመቀነስ ነው ይላል። ለእርሻ የሚሸጠው ግን እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ፍርድ ቤት ፈረደበት፣ ስለዚህ ካንሰር ያመጣል» ይባላል። ወይም በተቃራኒው «መንግሥታት ፈቅደውታል፣ ስለዚህ አያመጣም»። ሁለቱም መንገድ ያሳስታል። ሳይንቲስት፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴትን «በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ» በሚለው ምድብ፣ ማለትም በ2ኤ፣ አስቀመጠው። ቀይ ሥጋም የሚገኘው በዚሁ ምድብ ነው። ይህን የምለው ነገሩን ለማቃለል አይደለም። ምድቡ የሚናገረው አንድ ነገር ካንሰር ማምጣት ይችላል የሚለው ማስረጃ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው። በምን ያህል መጠን፣ በስንት ዓመት፣ በማን ላይ የሚለውን አይናገርም። ነብር ገዳይ ነው፤ ከፍርግርግ በስተጀርባ ያለ ነብርና ደጃፍ ላይ የቆመ ነብር ግን እኩል አያስፈሩም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቀው፣ በመመሪያው መሠረት ከተረጨ ካንሰር ያመጣል ብለን አናምንም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 መጨረሻ ፈቃዱን ለተጨማሪ አሥር ዓመት አራዝሞታል። ነገር ግን የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2022 የኤጀንሲው የካንሰር ድምዳሜ በበቂ ማስረጃ አልተደገፈም ብሎ ውድቅ አድርጎበታል። ተቆጣጣሪም ይሳሳታል ማለት ነው።

ጥናቶቹስ? በአሜሪካ 54 ሺህ ገደማ ፀረ ተባይ ረጪዎችን ለዓመታት የተከታተለና በ2018 የወጣ ሰፊ ጥናት በግላይፎሴትና በሊምፎማ መካከል ግንኙነት አላገኘም። በማግሥቱ ዓመት ልዩ ልዩ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው የመረመሩ ተመራማሪዎች ደግሞ፣ እጅግ ብዙ ለተጋለጡት ሰዎች አደጋው በ41 በመቶ ከፍ ይላል አሉ። ይህ 41 በመቶ የሚለው ቁጥር ሰውን ያስደነግጣል። ከመቶ ሰው 41ዱ ይታመማል ማለት ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ሰው ሁለቱ ያህል በዕድሜ ዘመናቸው ይህ ሕመም ያገኛቸዋል። በ41 በመቶ ጨመረ ማለት ከመቶ ሁለት የነበረው ወደ ሦስት ይጠጋል ማለት ነው። ለአንድ ሰው ጥቂት ይመስላል፤ በሚሊዮን ለሚቆጠር ገበሬ ሲሆን ጥቂት አይደለም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ግላይፎሴት ካንሰር ያመጣል ብዬ በእርግጠኝነት አልጽፍም፤ አያመጣም ብዬም አልምልም። በበጋ አንድ ጊዜ ደጁን የረጨ ሰው እንቅልፍ ሊያጣ አይገባውም። ለሃያ ዓመት፣ በየወቅቱ፣ ያለ ጓንት፣ ጀርባው ላይ እየተንጠባጠበ የረጨ ሰው ግን ሌላ ነው።

ወደ ፍርድ ቤቱ ስንመለስ፣ ከሳሾቹን ካሸነፉባቸው ነጥቦች ዋነኛው በዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ጁሪው ሞንሳንቶን የቀጣው ኬሚካል ስለሠራ ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚውን አላስጠነቀቀም ብሎ ነው። በችሎቶቹ ላይ የኩባንያው የውስጥ ደብዳቤዎች ወጥተው ሲነበቡ፣ ሠራተኞቹ በገለልተኛ ሳይንቲስቶች ስም ለሚታተሙ ጽሑፎች እጃቸውን እንደሚያስገቡ የሚጠቁሙ ሆነው ተገኙ። በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሞ «ግላይፎሴት ለሰው ጤና አያሰጋም» በሚል ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረውን አንድ ጽሑፍ፣ ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2025 መጨረሻ ሰርዞታል። ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ስንቱ ተቆጣጣሪ እሱን ተደግፎ እንደወሰነ አስቡት።

እንግዲህ ወደ አገራችን ልመለስ። የአሜሪካው ሙግት ጽሑፉ ምን ይላል በሚለው ላይ ነው። የእኛ ጭንቀት ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ ጽሑፉ ራሱ አለ ወይ? ነው።

ሲጀመር ስሙን ተመልከቱ። ገበሬያችን ፀረ አረምን «መድኃኒት» ይለዋል። «መድኃኒት ረጨሁ»፣ «መድኃኒት አለቀብኝ» ይላል። መድኃኒት የሚለው ቃል በእኛ አፍ ከጸበል ቀጥሎ የሚታመን ነው፤ ያድናል እንጂ ይገድላል ተብሎ አይጠረጠርም። መድኃኒት ከሆነ ልጅ ቢይዘው ምን አለበት? ከጤፍ ጋር አንድ ጎተራ ሥር ቢቀመጥስ? ቃሉን ከሕዝብ አፍ ማውጣት አይቻልም። ቢያንስ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና እኛ የጤና ባለሙያዎች ስንናገር መርዝ ማለት እንልመድ።

ደግሞም ገበያችን ላይ ያለው ግላይፎሴት ብቻ አይደለም። በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ ቅጠለ ሰፋፊ አረምን ለማጥፋት ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረው ቱ ፎር ዲ የሚባለው ነው። ይህን ኬሚካል ያው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 ከግላይፎሴት አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ምድብ፣ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ውስጥ አስቀምጦታል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ጫካ ለማራገፍ ከአውሮፕላን የረጩት ኤጀንት ኦሬንጅ ግማሹ ይኸው ነበር። ያኔ ብዙውን ጉዳት ያደረሰው ግን የሌላኛው ግማሽ ቆሻሻ የሆነው ዳይኦክሲን ነው ይባላል። የጦር ሠራዊቱ ተመላሾች አምራቾቹን ከሰው በ1984 በ180 ሚሊዮን ዶላር ታርቀዋል። የአረም ማጥፊያና የካሳ ክስ የቆየ ትውውቅ አላቸው።

ከሁሉም የማስፈራው ግን ፓራኳት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2007 ጀምሮ አግዶታል። በአሜሪካ ሲረጩት ኖረው ፓርኪንሰን የሚባለው የመንቀጥቀጥ ሕመም ያዘን የሚሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሰዋል። የፓራኳት ማርከሻ የለውም። አንድ ጉንጭ የተዋጠ እንደሆነ፣ ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ደህና መስሎ ሊውል ይችላል፤ ከቀናት በኋላ ግን ኩላሊቱና ሳንባው ይከዳዋል። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ፀረ አረም ከትልቁ ዕቃ እየተቀዳ በሃይላንድ፣ በለስላሳ ጠርሙስ ይቸረቸራል። ገዢው አንድ ሊትር ለመግዛት አቅም ስለሌለው ሻጩ ሩቡን ይቀዳለታል። ያ ሃይላንድ ቤት ሲደርስ ጽሑፍ የለውም፤ የአደጋ ምልክት የለውም። ከእርሻ የመጣ የጠማው ልጅ ሲያየው ውኃ ወይም ለስላሳ ነው። ከካንሰሩ ክርክር በፊት የሚቀድመው አደጋ ይህ ነው፤ ለመገደል ሃያ ዓመት አይፈልግም።

ስለ ሰውነታችን ካነሳን፣ ብዙ ሰው መርዝ የሚገባው በአፍንጫ ብቻ ይመስለዋል። ፎጣ አፉ ላይ ጠምጥሞ በባዶ እግሩ ማሳ ውስጥ ይገባል። ፀረ አረም ሲረጭ ዋናው በር ቆዳ ነው፤ በተለይ እጅ፣ እግርና ጀርባ። ክፉው ሰዓት ደግሞ የመርጨቱ ሳይሆን የመበጥበጡ ነው፤ ያልተበረዘው ፈሳሽ በክዳን ሲለካ፣ በእጅ ሲማሰል። መርጫው ሲደፈን በአፋቸው የሚነፉ አሉ፤ ይህ በቀጥታ መጠጣት ማለት ነው። ጥሩ ነፋስ ሲነሳ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ የሚረጭም አይቻለሁ።

መከላከያ ስል የጠፈርተኛ ልብስ አላልኩም። ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ፣ ሙሉ ሱሪ፣ የላስቲክ ጓንት፣ የላስቲክ ቦቲ ካለ ጥሩ ነው። ሱሪው ከቦቲው ውጪ ይውረድ፤ ውስጥ ከገባ ፈሳሹን ወደ እግር ያስገባል። ጓንት ከቦቲ ይረክሳል፤ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ጓንቱ ይቅደም። የሚያንጠባጥብ መርጫ ሳይጠገን አይታዘል። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መርጨት ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ሲረጩ መብላት፣ ማጨስና ጫት መቃም ቢቀር ግማሹ አደጋ ቀረ። ቆላ ላይ በጠራራ ፀሐይ ጓንትና ቦቲ ማድረግ ያቃጥላል፤ አውቃለሁ። እኔም ብሆን ላወልቀው እችላለሁ። ለዚህ ነው ጠዋት የምለው።

ቤት ውስጥ ያለችውን ደግሞ አንርሳ። እሱ የረጨበትን ልብስ የምታጥበው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ከልጆች ልብስ ጋር፣ በአንድ ሳፋ፣ በባዶ እጅ። የመርጫ ልብስ ለብቻው ይታጠብ፣ የታጠበበት ውኃ ወንዝ ወይም ጉድጓድ ዳር አይደፋ። ባዶው ጀሪካን ደግሞ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለውኃ፣ ለጠላ፣ ለዘይት አይሆንም። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ ውኃውን መርጫው ውስጥ ጨምሮ መርጨት፣ ከዚያ ጀሪካኑን መብሳት ነው። ጀሪካን ሲበሳ ልባችን ይሰበራል፤ ዕቃ ነዋ! ግን ይበሳ።

ወተትስ? በየገጠሩ የማይሞት እምነት ነው። «ከመርጨቱ በፊት ወተት ጠጣ፣ መርዙን ያረክሰዋል» ይባላል። አያረክሰውም። ወተት ጠጥቶ የረጨ ሰው ጓንት ካላደረገ መርዙ በእጁ መግባቱን አያቆምም። የባሰው ደግሞ መርዝ ለዋጠ ሰው ወተት እየጋቱ፣ እያስመለሱ ሰዓት ማባከን ነው። ሲያስመልሰው መርዙ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የዋጠ ሰው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፣ ዕቃውም አብሮ ይሂድ። ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ማጠብ፤ ልብስ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቆ ገላን በሳሙና መታጠብ፤ «ማሳውን ልጨርስና» አይባልም።

ለዓመታት የረጩ ሰዎች ስለ ሊምፎማ ምን ማወቅ አለባቸው? በአንገት፣ በብብት ወይም በጉያ የሚወጣ፣ የማያምም፣ ከሳምንታት በኋላም የማይጠፋ ንፍፊት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፤ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፤ የሚመላለስ ትኩሳት። እነዚህ ሲታዩ መመርመር ነው። ግን ልብ በሉ፣ በአገራችን እነዚሁ ምልክቶች ብዙ ጊዜ የቲቢ ናቸው፤ ቲቢ ደግሞ ይድናል። ስለዚህ «ካንሰር ነው» ብሎ ቤት መተኛትም፣ «ብርድ ነው» ብሎ ማሳለፍም አንድ ናቸው። ለሐኪሙ ስትቀርቡ ምን እንደምትረጩና ለስንት ዓመት እንደረጫችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እኛ ሐኪሞች፣ ሐቁን ለመናገር፣ ይህን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። በካርዱ ላይ «ገበሬ» ብለን ጽፈን እናልፋለን።

የደዋዬ ሁለተኛ ጥያቄ ካሳ ነበር። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራውን ይከፍላል ይላል። አንቀጽ 2085 ደግሞ ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ምርት ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ለአበባና ለሰፋፊ እርሻ ተቀጣሪዎች ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ፤ አሠሪው የአደጋ መከላከያ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ ከሥራ የመጣ ሕመምም በሕጉ የታወቀ ነው። ስለዚህ «ሕግ የለም» አይባልም።

የሚጎድለው ሌላ ነው። አንደኛው ጊዜ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ አለበት። ለመኪና አደጋ ሁለት ዓመት ይበቃል። ዛሬ የተረጨ ነገር ከ15 ዓመት በኋላ ለሚያመጣው ሕመም ጉዳቱ «ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? ይህ አንቀጽ የተጻፈው ገበሬያችን በሞፈርና በእጁ ብቻ በሚያርስበትና በሚያርምበት ዘመን ነው። ሕግ አውጪዎች ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ጆንሰን ምን እንደረጨ፣ መቼ እንደረጨ፣ ስንት ጊዜ እንደረጨ ማሳየት ችሏል። የአሠሪው መዝገብ ነበረ፣ የዕቃው ስም ነበረ፣ የሐኪም ውጤት ነበረ፣ ወደ ኩባንያው የደወለው ስልክ ሳይቀር ተመዝግቧል። በሃይላንድ የተቀዳ ፈሳሽ የገዛ ሰው ማንን ይከሳል? ሃይላንዱን? ስለዚህ እኔ የምከራከረው፣ ቸርቻሪ ፀረ አረምን ቀድቶ መሸጡ እንደ ተራ የገበያ ነገር መታየቱ ይብቃ ብዬ ነው። አስመጪዎች ሩብና ግማሽ ሊትር የሚይዝ፣ የታሸገ፣ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈበትና ማንበብ ለማይችለው ሥዕል ያለበት ዕቃ ያቅርቡ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለማን ምን እንደሸጡ በደብተር ይመዝግቡ። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፤ ይጨምር።

አንዳንዶች ከዚህ አልፈው «ፀረ አረም ይታገድ፣ ወደ እጅ አረም እንመለስ» ይላሉ። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ጤፍ አርመው የማያውቁ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ማረም ወገብ ይቆርጣል፤ ሸክሙም የሚያርፈው በሴቶችና ከትምህርት ቤት በሚቀሩ ልጆች ላይ ነው። ፀረ አረም ሲመጣ እናቶች ቀና ብለዋል። ይህን ሳልቆጥር ብጽፍ ለእነሱ አልታመንኩም።

ውጭ አገር፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ በአትክልት እንክብካቤ የምትሠሩ ወገኖች፣ ለእናንተ ነገሩ ይለያል። ሲረጩ ኖረው በምርመራ ሊምፎማ የተገኘባችሁ ካላችሁ የናሙና ምርመራ ውጤታችሁንና የሠራችሁበትን ዘመን የሚያሳይ ወረቀት ያዙ፤ የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በየግዛቱ ስለሚለያይ ሳይረፍድ ፈቃድ ያለው ጠበቃ አማክሩ። ከውጤቱ በፊት የአገልግሎት ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ተጠራጠሩ።

ለደዋዬ ያልኩት ይህን ነው። አባትህ ንፍፊት ካላቸው፣ ከከሱ፣ ሌሊት የሚያልባቸው ከሆነ ይመርመሩ፤ ከሌላቸው ደግሞ ያለፈውን መመለስ አይቻልምና ከዛሬ ጀምሮ ጓንት ግዛላቸው። የሚረጩትንም ስም ጠይቀህ በወረቀት ጻፈው አልኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ መልሶ ደወለ። ጓንቱን ልኳል። አባቱን የመድኃኒቱን ስም ሲጠይቃቸው ግን ትንሽ አስበው፣ «ስሙን እንኳ አላውቀውም ልጄ፤ ቢጫ ክዳን ያለው ነው» አሉት። ቢጫውን ክዳን ለማየት ቤት ያለውን ዕቃ እንዲያመጡት ለመናቸው። አመጡት። የውኃ ሃይላንድ ነበር፤ ክዳኑም ሰማያዊ።